ለሁለት ሰው የፈረንሳይ ዓይነት የሳልሞን እራት፦ ሶሱ ቀድሞ፣ ዓሣው መጨረሻ

#1 ቢላና_መክተፊያ

ሰላም ለሁላችሁ። ሳልሞን በቤር ብላን (ከነጭ ወይን፣ ከአቼቶና ከቅቤ በሚመታ የፈረንሳይ ሶስ) ለሁለት ሰው ቤት ውስጥ ለመሥራት የሚያስፈልገው ከነልኩ እነሆ። የጎደለውን ጨምሩበት፣ የተሳሳተውን አርሙት።

ይህን እራት ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው አጠባበሱ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው። ሳልሞን መጥበሻ ላይ ካረፈ በኋላ ሳህን እስኪደርስ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ቤር ብላን ግን ጥድፊያ አይወድም። ዓሣው ተጠብሶ ሶስ ሲጠብቅ ይደርቃል፤ ሶሱ ተሠርቶ ዓሣ ቢጠብቅ ምንም አይሆንም። ስለዚህ ሶሱ ቀድሞ ያልቃል፣ ዓሣው መጨረሻ ይጣዳል።

ዓሣ፦ ከወገቡ የተቆረጠ፣ ቆዳው ያልተገፈፈ 2 ፊሌቶ፤ እያንዳንዱ 170 ግራም ያህል፣ ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ሁለቱ እኩል ይወፍሩ። አንዱ ከጭራው በኩል ከሆነ ቀድሞ ይበስልና ሌላውን ሲጠብቅ ይደርቃል። በሥጋው ላይ ጣት ሲያንሸራትቱ የምትወጋ ስስ አጥንት ካለች በወረንጦ ይዞ ወደ ጭንቅላቱ አቅጣጫ አጋድሞ መሳብ ነው፤ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ከተሳበች ሥጋውን ቦጭቃ ትወጣለች።

ሶስ፦ 1 ሻሎት (ትንሽ የሽንኩርት ዓይነት፣ 30 ግራም ያህል)፣ 100 ሚሊ ሊትር ደረቅ ነጭ ወይን፣ 30 ሚሊ ሊትር ነጭ የወይን አቼቶ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ክሬም፣ 120 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ። ቅቤው በ1.5 ሳንቲ ሜትር ኩብ ኩብ ተቆርጦ እስኪፈለግ ድረስ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ።

ማጀቢያ፦ 2 ባሮ ሽንኩርት እና ሲቀቀል የማይፈርስ 300 ግራም ትንንሽ ድንች።

ሻሎቱ እንደ ሩዝ ፍሬ ደቆ ይከተፍና ከወይኑና ከአቼቶው ጋር በትንሽ ድስት፣ ከመካከለኛ ባነሰ እሳት ይጣዳል። መቁላላት የለበትም፤ ቀለም ከያዘ ሶሱም ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይመራል። 8 ደቂቃ ያህል ሲንተከተክ ፈሳሹ ወደ 2 የሾርባ ማንኪያ ይወርዳል። ድስቱ ዘንበል ሲል ከሻሎቱ ሥር የሚያብለጨልጭ ፈሳሽ መታየት አለበት። ክሬሙ ገብቶ አንዴ ይፍላ። ከዚያ እሳቱ እጅግ ተቀንሶ ቅቤው ሁለት ሁለት ኩብ እየገባ ሳያቋርጡ በመምቻ መምታት ነው። የቀደመው ሟሙቶ ሊያልቅ ሲል ቀጣዩ ይገባል። ሲደርስ ማንኪያ ጀርባ ላይ ስስ ሆኖ ይይዛል፤ ጣት ሲሠመርበት መሥመሩ ተመልሶ አይዘጋም። ጨው፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቂት የሎሚ ጠብታ ከጨመሩበት አለቀ።

ዓሣው ከመጠበሱ 15 ደቂቃ በፊት ጨው ይነስነስበት፤ ለእያንዳንዱ ፊሌቶ 2 ግራም የማይሞላ ደቃቅ ጨው ይበቃዋል። ሊጠበስ ሲል ቆዳውንም ሥጋውንም በሶፍት ደህና አድርጎ ማድረቅ ያስፈልጋል። መጥበሻው ግሎ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሲንቀለቀል በቆዳው በኩል ይቀመጥና ለ30 ሰከንድ በመገልበጫ ይጫኑት። ከዚያ እሳቱን ወደ መካከለኛ ቀንሶ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ አለመንካት ነው። በጎኑ ሲታይ የገረጣው ቀለም ከታች እየወጣ ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ይገልበጥ። በሥጋው በኩል 1 ደቂቃ ይበቃዋል።

#2 ነጭ_ሳህን

በጣም ግልጽ ነው፣ እናመሰግናለን። አንድ ጥያቄ አለኝ። እሳቱ ዝቅ ብሎ፣ ቅቤውም ቀስ እየተባለ ገብቶ ሶሱ የሚለያይበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ሙቀት ብቻ ነው?

#3 ቀስ_ያለ_እሳት

ሙቀት ብቻ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ሰው እሳቱን የሚወቅሰው ጥፋቱ ሌላ ቦታ ሆኖ ሳለ ነው።

ቤር ብላን ማለት በውሃ ውስጥ የተበተነ የቅቤ ስብ ነው። የፈረንሳይ የገበታ ቅቤ ቢያንስ 82 ከመቶው ስብ፣ ከ16 ከመቶ ያልበለጠው ውሃ ሲሆን የቀረው የወተት ፕሮቲንና ሌላ ደረቅ ነገር ነው። ስቡ ደቃቅ ጠብታ ሆኖ በውሃው ውስጥ ተበትኖ እንዲቆይ የሚያደርጉት እነዚያ ጥቂት ፕሮቲኖች ናቸው። ሙቀቱ ከ58 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያልፍ መያዛቸው ይላላል፣ ጠብታዎቹ ይገናኛሉ፣ ቢጫው ዘይት ወደ ላይ ይወጣል። ይህ የታወቀው ነው።

እርስዎ ያሉት ዓይነት ግን አብዛኛውን ጊዜ የውሃ ማነስ ነው። ወይኑና አቼቶው ከልክ በላይ ተንተክትከው ሻሎቱ ደርቆ ከቀረ ቅቤው የሚበተንበት ውሃ የለም። የቱንም ያህል በዝግታ ቢመታ ይለያያል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ቅቤው ከመግባቱ በፊት ድስቱን ዘንበል አድርጎ ማየት፣ ፈሳሽ ካልታየ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ መጨመር። ያ አንድ ማንኪያ ውሃ ሶሱን አያቀጥነውም፤ ያቆመዋል።

ሊለያይ ሲል ምልክት ይሰጣል። ፊቱ ላይ የነበረው ልስልስ፣ ደብዘዝ ያለ መልክ ይጠፋና መወዛት ይጀምራል። በድስቱ ዳር ዳር እንደ ክር የቀጠነች ቢጫ መሥመር ትታያለች። ያቺን መሥመር ያየ ሰው ድስቱን ወዲያው ከእሳት ያውርድ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በዚያው ዳር አፍስሶ አጥብቆ ይምታ፤ ይመለሳል። ጨርሶ ተለያይቶ ዘይቱ ከተንሳፈፈ ግን እዚያው መምታት ድካም ብቻ ነው። በሌላ ንጹሕ ድስት 1 የሾርባ ማንኪያ ክሬም ለብ አድርጎ፣ የተለያየውን ሶስ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመሩ እንደ አዲስ መምታት ያስፈልጋል።

ቴርሞሜትር ያለው 50 እና 55 ዲግሪ መካከል ይያዘው። የሌለው፣ ሶሱ ሲጨስ ካየ አልፎበታል ማለት ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። ድስቱ አሉሚኒየም ከሆነ ከአቼቶው ጋር አይስማማም፣ ሶሱ ግራጫ ይሆናል፤ የማይዝግ ብረት ይሁን። ቅቤው ደግሞ ጨው ያለበት ከሆነ፣ 2 ከመቶ ጨው ያለው 120 ግራም ቅቤ 2.4 ግራም ጨው ይዞ ይገባል ማለት ነው። ለሁለት ሰው ሶስ ይህ ብዙ ነው፤ በኋላም ማውጣት አይቻልም።

#4 ጨው_በልክ

ሻሎቱን ማጥለልስ? በአንዳንድ አሠራር ይወጣል፣ በአንዳንዱ ይቀራል።

#5 ቀስ_ያለ_እሳት

ሁለቱም ትክክል ነው። ደቆ ከተከተፈና ደህና ከበሰለ ቢቀር ይሻላል፤ ጣዕሙ አብሮት ነው። ለስላሳ ሶስ የሚፈልግ በቀጭን ወንፊት ያጥልለው፤ ግን ወንፊቱንም መቀበያውንም በሙቅ ውሃ ያሙቃቸው። ቀዝቃዛ ዕቃ ላይ ሲፈስ ቅቤው ዳር ዳሩን ይረጋል።

#6 ደረቅ_መጥበሻ

ስለ ዓሣው አንድ እርማት። በጋለ መጥበሻ መጀመር ለብረት መጥበሻ ትክክል ነው። የማይዝ (ምግብ የማይጣበቅበት) መጥበሻ ላለው ግን ከቀዝቃዛው መጀመር ይሻላል፦ ያለ ዘይት፣ ቆዳው ወደ ታች ሆኖ ፊሌቶው ይቀመጥና እሳቱ መካከለኛ ላይ ይለኮስ። ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ቀስ ብሎ ስለሚቀልጥ ቆዳው በራሱ ስብ ይጠበሳል፣ አይኮማተርም፣ መጫንም ብዙ አይፈልግም። ከ7 እስከ 8 ደቂቃ ይወስዳል። ይህን በብረት መጥበሻ የሞከረ ግን ቆዳው እዚያው ተጣብቆ ይቀርበታል።

በጋለው የጀመረም ቶሎ ለመገልበጥ መቸኮል የለበትም። ቆዳው ሲደርቅና ሲጠነክር በራሱ ጊዜ ይለቃል። መገልበጫው ሥሩ ሲገባ እምቢ ካለ ገና ነው፤ 1 ደቂቃ ይታገሡት።

ኩርሽም የሚል ቆዳ ላይ ሶስ ማፍሰስ ግን ልፋትን ሁሉ መደምሰስ ነው። ሶሱ ከታች፣ ዓሣው ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ ከላይ።

#7 ነጭ_ሳህን

ሲጠበስ በጎኑ የሚወጣው ነጭ እርጎ መሳይ ነገር ምንድን ነው? ስቡ ነው?

#8 ደረቅ_መጥበሻ

ስብ አይደለም፣ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ነው። ጡንቻው ሲሞቅ ይኮማተርና ጨምቆ ያወጣዋል፤ ፊቱ ላይ ሲደርስ ይረጋል። ቢበላ ጉዳት የለውም፣ ነገር ግን ብዙ ከወጣ ዓሣው ከልኩ በላይ በስሏል ወይም እሳቱ በዝቷል ማለት ነው። ለመቀነስ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 50 ግራም ጨው አሟሙቶ ዓሣውን ለ15 ደቂቃ መንከርና አድርቆ መጥበስ ነው። ጨው የላይኛውን ጡንቻ ስለሚያላላው ብዙ አይኮማተርም። በጨው ውሃ የተነከረ ዓሣ ላይ ግን ሌላ ጨው አይነስነስበት።

#9 ሰባት_ደቂቃ

ማንም ስለ መሐል ሙቀት አልጻፈም፤ ዋናው እሱ ነው። እርባታ ሳልሞን ስብ ስላለው መሐሉ 51 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ይለሰልሳል፣ በሹካ ሲነካ ንብርብሩ ይንሸራተታል። የዱር ሳልሞን ስቡ ጥቂት ነው፤ 49 ላይ ካልተያዘ ይደርቃል። ከመጥበሻ ከወጣም በኋላ ሙቀቱ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ይጨምራል፤ ስለዚህ እርባታው በ48፣ የዱሩ በ46 ይውጣና 2 ደቂቃ ይረፍ። የቴርሞሜትሩ ጫፍ ከወፍራሙ ቦታ በጎን ይግባ፤ ከላይ ከተሰካ መጥበሻው ድረስ ዘልቆ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

ይህ የሬስቶራንት ልክ እንጂ የደኅንነት ልክ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለዓሣ የሚያስቀምጠው 63 ዲግሪ ነው። ነፍሰ ጡር፣ በዕድሜ የገፋ ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ማዕድ ላይ ካለ 63 ይድረስ፣ ክርክር የለውም። ያኔ ደግሞ ቤር ብላኑ የበለጠ ያስፈልጋል፤ የደረቀውን ያርሰዋል። ከጥገኛ ትል ለመጠበቅ በቅዝቃዜ ያለፈ ዓሣ የሚፈልግም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለ7 ቀን የቆየ መሆኑን ይጠይቅ። ቤት ያለው ፍሪዘር ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች 18 ላይ ስለሚቆም ለዚህ አይታመንም።

#10 ጨው_በልክ

ወይን ለማይጠቀም ምን ይተካል? ውሃና ሎሚ ብቻ ባዶ ይሆናል።

#11 ቢላና_መክተፊያ

ልክ ነው፣ ባዶ ይሆናል። ወይን የሚሰጠው መኮምጠጥን ብቻ አይደለም፣ ጥቂት ጣፋጭነትና የፍሬ ጠረንም ነው። 100 ሚሊ ሊትር ጨው የሌለው የዓሣ መረቅ፣ 30 ሚሊ ሊትር የፖም አቼቶ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ስኳር አድርጉ። ወደ 2 የሾርባ ማንኪያ እስኪወርድ አንተክትኩት፤ ሎሚው መጨረሻ ላይ ብቻ ይግባ፣ ከፈላ ይመራል። መረቁ ጨው ካለው ሲመጥጥ ጨውነቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ይህን የዘነጋ ሶሱን ይደፋል።

ወይን የሚጠቀም ደግሞ በበርሜል ጠረን የተያዘውን ያስወግድ፤ ሲመጥጥ የእንጨቱ ምሬት ይጎላል። ቤር ብላን የሎዋር ወንዝ ዳር የናንት አካባቢ ሶስ ነው፤ ድሮ ብሮሼ ከሚባለው የወንዝ ዓሣ ጋር ነበር የሚቀርበው። የዚያው አካባቢ ወይን ሙስካዴ ነው፤ ለድስቱም ለብርጭቆውም ይሆናል። ሻብሊም ይስማማል።

#12 ባለ_ወንፊት

ሁሉም ስለ ቤር ብላን ሲያወራ የፈረንሳዩን ታላቅ የሳልሞን ሳህን ረሳችሁት። ሮአን ከተማ የትሯግሮ ወንድማማቾች ዣንና ፒዬር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሳልሞን በኦዜይ ሠሩ። ኦዜይ የምትኮመጥጥ አረንጓዴ ቅጠል ናት። ለሁለት ሰው ከቤር ብላን የሚቀል ይመስለኛል፣ የሚለያይ ነገር የለውምና።

ቆዳው የተገፈፈ 2 ሰፋፊ ስስ ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 120 ግራም፣ ውፍረቱ 1 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ። በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መሐል አድርጎ በቀስታ ማስተካከል ይቻላል። ለሶሱ 100 ሚሊ ሊትር የዓሣ መረቅ፣ 50 ሚሊ ሊትር ነጭ ወይን፣ 30 ሚሊ ሊትር ደረቅ ቬርሙት (ቅመም የገባበት ወይን) እና 1 ሻሎት እንደ ሽሮፕ እስኪያንጸባርቅ ይመጥጣል። 120 ሚሊ ሊትር ክሬም ገብቶ ጥቂት እስኪወፍር ይፈላል። 30 ግራም ኦዜይ ግንዱ ወጥቶ፣ በእጅ ተቀዳዶ፣ ከ25 ሰከንድ ላልበለጠ ይገባል። ከዚያ ከእሳት ወርዶ 15 ግራም ቅቤ ድስቱን በማሽከርከር ይዋሃዳል። ሶሱ ሳህን ላይ ይፈስሳል፤ ዓሣው የማይዝ መጥበሻ ላይ በአንዱ ፊት 25፣ በሌላው 15 ሰከንድ ብቻ ቆይቶ ይቀመጥበታል። ሮዝነቱ መሐሉ ላይ መቅረት አለበት።

ኦዜይ ሲሞቅ ብሩህ አረንጓዴነቱ ወዲያው ወደ ወይራ ቀለም ይለወጣል፤ የራሱ አሲድ ነው የሚያደርገው፣ ጥፋት አይደለም። ያላገኘ ለጋ ስፒናችና 2 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጠቀም። ያው አይሆንም፣ ግን ጎረቤቱ ነው።

#13 ሰባት_ደቂቃ

ባለ_ወንፊት፣ አሠራሩ ያማረ ነው፤ “ይቀልላል” የሚለውን ግን አልቀበልም። 40 ሰከንድ የሚበስል ዓሣ የስህተት ቦታ የለውም። ሳህኑ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ሰው ለደቂቃ ከማዕዱ ከተነሳ፣ አለቀ። መጥበሻን ለሚፈራ ይበልጥ የሚቀለው ኦቨን ነው፦ 120 ዲግሪ፣ ጥቂት ዘይት የተቀባ ፊሌቶ፣ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። አልቡሚን እምብዛም አይወጣም፣ ዳሩም መሐሉም እኩል ይበስላል። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ቀለሙ ብዙ አይገረጣም፣ የበሰለውም ጥሬ ይመስላል። ዓይን ሳይሆን ቴርሞሜትር ይመን።

#14 ነጭ_ሳህን

ስለ ባሮ ሽንኩርቱና ድንቹ አልተብራራም። በድንቹ ፈንታ ፒዩሬ (በቅቤ የተፈጨ ድንች) ቢሆንስ?

#15 ቢላና_መክተፊያ

ፒዩሬ ድንቅ ነው፣ ግን ለዚህ ሳህን አይደለም። 120 ግራም ቅቤ ሶሱ ውስጥ አለ። ቅቤ በቅቤ ላይ ሲደረብ ምላስ ይሰለቻል፣ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ዓሣው ጣዕም የለሽ ይሆናል። ቅቤ ያልነካው የተቀቀለ ድንች ሶሱን ይመጥጣል፣ ማዕዱንም ያሳርፋል። በቀዝቃዛ ውሃ ይጣድ፣ በሊትር 10 ግራም ጨው፣ ከፈላ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል። ውሃው ተደፍቶ ድስቱ ትኩስ እያለ ለ2 ደቂቃ እንፋሎቱን ያውጣ።

ባሮ ሽንኩርቱ፦ ነጩና ፈዛዛ አረንጓዴው ብቻ። ለሁለት ተሰንጥቆ ንብርብሩ እየተከፈተ ይታጠብ፤ አሸዋ የሚደበቀው አረንጓዴው ሊጀምር ሲል ባለው ቦታ ነው። በግማሽ ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ከ20 ግራም ቅቤ፣ ቁንጥር ጨውና 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጋር ተከድኖ በትንሽ እሳት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይብሰል። መጨረሻ ላይ ክዳኑ ተነስቶ 3 ደቂቃ ውሃው ይምጠጥ። ይህ ከተዘለለ ሳህኑ ላይ ውሃ ይለቅና የለፋንበትን ሶስ ያቀጥነዋል።

#16 ጨው_በልክ

ፓፒዮት (ዓሣውን በወረቀት ጠቅልሎ ኦቨን ውስጥ ማብሰል) የሚመርጥ ካለ ይህንኑ ባሮ ሽንኩርት ይጠቀም፤ ጥሬውን ከገባ ዓሣው ሲደርስ እሱ ገና ነው። 40 በ30 ሳንቲ ሜትር የመጋገሪያ ወረቀት፣ ታች ባሮ ሽንኩርት፣ ላይ ቆዳው የተገፈፈ ዓሣ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ወይን፣ አንድ ዘለላ ጦስኝ። ዳሩ በትንንሹ፣ አንዱ እጥፋት በሌላው ላይ እየተደረበ ይታጠፍ፤ ክፍተት ካለ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ወረቀቱም አይነፋም። በ200 ዲግሪ ከ12 እስከ 14 ደቂቃ። ሎሚ ያለበትን በአሉሚኒየም ፎይል መጠቅለል አይመከርም፣ አሲዱ ፎይሉን ይበላዋል። ኩርሽም የሚል ቆዳ ለሚወድ ግን ፓፒዮት አይሆነውም።

#17 ቀስ_ያለ_እሳት

ሶሱ እንዴት ይጠብቅ ለሚል፦ አነስተኛ የሻይ ፔርሙስ። የፈላ ውሃ ሞልቶ 5 ደቂቃ ማቆየት፣ ደፍቶ ማድረቅ፣ እንፋሎቱ እንዲወጣ 1 ደቂቃ ክፍት መተው፣ ሶሱን መጨመር። አንድ ሰዓት ያህል ሳይለያይ ይቆያል። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሳህን ይፍሰስ እንጂ ተመልሶ እሳት ላይ አይጣድ።

በዚህ ሲታሰብ ሰዓቱ እንዲህ ይሄዳል። ከመቅረቡ 60 ደቂቃ በፊት ባሮ ሽንኩርቱ ይጣዳል፤ ውሃው መጥጦ ሲያልቅ ተከድኖ ዳር ይቀመጥ። በ40ው ሻሎቱና ወይኑ ይጣዳል፤ በ35ው ድንቹ። በ20ው ሶሱ ፔርሙስ ውስጥ ነው፣ ዓሣው ጨው ተነስንሶበታል፣ ሁለቱ ሳህኖች 60 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ገብተዋል። በ12ው መጥበሻው ይግላል። ዓሣው ሲያርፍ ባሮ ሽንኩርቱ እንደገና ይሞቃል።

#18 ነጭ_ሳህን

ከዓሣው በፊትና በኋላስ? ምድጃውን ሳይነካ የሚሆን ነገር ይመረጣል።

#19 ባለ_ወንፊት

ከፊት ቅጠል ሰላጣ ብቻ፦ 1 የሻይ ማንኪያ የዲዦን ሰናፍጭ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨው። ቅጠሉ ደርቆ ሊቀርብ ሲል ይለወስ።

ከኋላ የቸኮሌት ሙስ፣ እራቱ ከመቅረቡ 4 ሰዓት ቀደም ብሎ ተሠርቶ ፍሪጅ የገባ። 80 ግራም 70 ከመቶ ካካዎ ያለው ቸኮሌት ይቀልጥና ለብ ይበል። 2 አስኳል ይግባበት። 2 ነጩ በ10 ግራም ስኳር ተመቶ፣ መምቻው ሲነሳ ጫፉ የሚታጠፍ አረፋ ሲሆን በሦስት ጊዜ ከታች ወደ ላይ እየገለበጡ ማዋሃድ ነው። ቸኮሌቱ ከቀዘቀዘ አረፋው ሲነካው ይረጋና ፍርፋሪ ይሆናል፤ ከንፈር ላይ ሲነካ ሙቅም ቀዝቃዛም የማይመስል ይሁን። እንቁላሉ ጥሬ ስለሆነ ሰባት_ደቂቃ ለጠቀሷቸው ሰዎች አይሆንም፤ ለእነሱ ያው 80 ግራም ቸኮሌት ላይ 120 ሚሊ ሊትር ትኩስ ክሬም አፍስሶ አማስሎ ማቀዝቀዝ ይበቃል።

#20 ደረቅ_መጥበሻ

ስለ አቀራረቡ አንዲት ነገር። ሶሱ ለአንድ ሰው ከ3 የሾርባ ማንኪያ አይበልጥ፤ የተረፈው በትንሽ ማሰሮ ማዕዱ ላይ ይቀመጥ። ባሮ ሽንኩርቱ መሐል፣ ሶሱ ዙሪያውን፣ ዓሣው ከላይ። ፊሌቶው ከመጥበሻው ሲወጣ በሶፍት ላይ ለአፍታ ይረፍ፤ የያዘው ዘይት ሶሱ ላይ ከወረደ የተለያየ ያስመስለዋል።

#21 ነጭ_ሳህን

ሶስ ቢተርፍ ለነገ ይሞቃል?

#22 ቀስ_ያለ_እሳት

አይሞቅም፣ ይለያያል። ፍሪጅ ውስጥ ይርጋና እንደ ቅቤ ተቆርጦ ትኩስ ድንች ወይም የተቀቀለ ፎሶሊያ ላይ ይደረግ። ወይም አዲስ ሻሎትና ወይን አንተክትኮ በቀዝቃዛ ቅቤው ፈንታ እሱን ኩብ ኩብ አድርጎ መምታት ይቻላል፤ በ2 ቀን ውስጥ።